የወርቅ ክር ያለበት ቦንዳ

አርባ ቦንዳ ልብስና አንዲት የምትዳር ልጅ ያለው ሰው ነበረ።

ውብእሸት፣ ይህን የምነግርህ ትናንት ስለጠየቅኸኝ ነው። «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ደጃችን እየመጣች የምትጠይቀን ሴትዮ የልብስ ስፌት መኪና በየትኛው የጭነት መኪናችን ተጭኖ እንደጠፋ ለማወቅ ኮምፒውተሩ ላይ ታምቀው የቀሩትን የዓመታት የጭነት መዝገብ ፋይሎች ሁሉ ፈትቼ ልጨርስ ወይ?» ብለኸኛል። መጀመሪያ ሰውየውን ልጨርስልህ።

ይህ ሰው ያገለገለ ልብስ እየሰበሰበ፣ በመጭመቂያ ማሽን አስጨምቆ፣ በብረት ቀበቶ አሳስሮ ወደ ገጠር ከተሞች የሚልክ ነጋዴ ነበር። ቦንዳ ታስሮ ሳለ እንደ ድንጋይ ነው። ቀበቶው ሲቆረጥ ግን ክፍል ይሞላል፣ መልሶ የሚያስገባውም ጉልበት የለም። ማሽኑ ደግሞ የኪራይ ነው፤ አርባውን አስሮ እንደጨረሰ ተጭኖ ሄዷል።

የልጁ ሠርግ ሁለት ቀን ሲቀረው የሙሽራው እናት ባለወርቅ ጥልፍ ካባቸውን ላኩ። እሳቸውም አማታቸውም የተዳሩበት ነው። «ልጅቷ ለመልሱ ትልበሰው፣ አደራ» የሚል ቃል አብሮ መጣ። ነጋዴው ጠዋት ካባውን መጋዘን ውስጥ ከልብሱ ክምር አጠገብ አስቀምጦ ለሌላ ጉዳይ ወጣ። ማታ ሲመለስ ክምሩ የለም፤ ካባውም የለም። ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ ሲያስሩ ውለዋል፣ በየትኛው ቦንዳ እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ።

«ካባው ከሌለ ሠርጉም የለም» አለች ሚስቱ። «ሴትየዋ ከካባው በፊት ልጃቸውን ቢጥሉ ይመርጣሉ።»

ነጋዴው መቁረጫ አንሥቶ የመጀመሪያውን ቦንዳ ፈታ፣ ካባ የለም። ሁለተኛውን ፈታ፣ የለም። ጥቂት እንደቀጠለ መጋዘኑ ሞላና ልብሱን ለሠርጉ ወደተጣለው ዳስ አስወጣው። ወንበሮቹ ተቀበሩ። ወጥ ሠሪዋ ጭልፋዋን ስትፈልግ ሦስት ሱሪ አገኘች። ጎረቤቱ ዕርዳታ የሚታደል መስሎት እየገባ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን» እያለ ጃኬት አንጠልጥሎ ይወጣ ጀመር።

አሥራ ሰባተኛው ቦንዳ በተፈታ ሰዓት ከሙሽራው ወገን አንድ ሽማግሌ ዳሱን ሊያዩ መጡ። ክምሩን ቀና ብለው አዩት።

«ይህ ሁሉ የልጅቷ ልብስ ነው?» አሉ።

«የዘወትሩ ነው አባቴ» አለች ሚስት። «የክቱን ገና አላወጣነውም።»

ሽማግሌው ተደንቀው ሄዱ። እሷም ገብታ ከግድግዳው ላይ መንጠቆውን አወረደች። መንጠቆው ጫፉ የታጠፈ ረጅምና ቀጭን ሽቦ ነው። ነጋዴው ከሌላ ሰው ቦንዳ ሲገዛ ይህን በቀበቶዎቹ መካከል እየሰደደ፣ ክር እየመዘዘ፣ ሳያስፈታ ውስጡን ያውቅ ነበር። ሻጮች መንጠቆውን ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አላት።

«ልወጋ።»

«የራሴን ዕቃ? ይህ እኮ ለማላምነው ሰው ቦንዳ ነው።»

«እኔም ካባውን ስታስቀምጥ አምኜህ ነበር» አለችና ሽቦውን ሰደደች።

ሰማያዊ ሱፍ ወጣ፤ አለፈችው። ከሚቀጥለው የሹራብ ክር ወጣ፤ አለፈችው። እያንዳንዱን ከሦስት ከአራት ቦታ እየወጋች ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ከሽቦው ጫፍ የወርቅ ክር አብረቀረቀ። ያንን ቦንዳ ብቻ ፈቱት፣ ካባውም ወጣ። ሠርጉ በቀኑ ተደረገ። ወንበር ያጣው ዕድምተኛ ክምሩ ላይ ተቀምጦ በላ፤ እንዲህ የሚመች ሠርግ አይተን አናውቅም ያሉም ነበሩ።

አንተም ያው ነህ ውብእሸት። ባልታመቀ ፋይል ውስጥ ቃል ስትፈልግ ግሬፕ የሚለውን ትእዛዝ ስትጽፍ ትውላለህ። የታመቀ ስታይ ግን መንጠቆውን ግድግዳ ላይ ትተህ መቁረጫ ታነሣለህ። ከግሬፕ ፊት ዜድ የምትለውን ፊደል ጨምርበት። ጂዚፕ በሚባለው ማመቂያ የታመቀውን ፋይል እንደታሰረ ያነብልሃል፤ ዲስክህ ላይ አንድ ሹራብ አይዘረግፍም። ሰረዝና ትንሿን ኤል ካስከተልክለት ደግሞ የሴትየዋ ስም ያለበትን ፋይል ለይቶ ይነግርሃል። መፍታት ካማረህ ያንን አንዱን ፍታ።

አሁን ሒሳቡን እንዝጋ። ነጋዴው አንድ ካባና አንድ አማች አተረፈ፤ አንዱን መፍታት ሲበቃው አሥራ ስምንት ቦንዳ ፈታ። አንተ እስከ ትናንት ድረስ ዲስኩን ሞልተሃል፣ ሴትየዋን ጠዋት ጠዋት ደጃችን ላይ አስቀምጠሃል፣ የስፌት መኪናዋን ግን አላገኘህም። ትርፍህ እጅህ ገና ያልደረሰባቸው ፋይሎች ናቸው።