ባዶ አንገት

አቶ ድልነሳ በአብዮቱ ጊዜ ካድሬ ሆነው «ፈጣሪ የለም» እያሉ የቀበሌውን ሰው መቆሚያ መቀመጫ ያሳጡ ነበር። ዘንድሮ ምርጫ ሲደርስ ታዲያ ጠፍር የሚያህል ማተብ አንገታቸው ላይ አስረው፣ «የአባቶቻችሁን ሥርዓት የምመልስላችሁ እኔ ነኝ!» ሲሉ አደባባዩ በጭብጨባ ተናወጠ። ከፊት የቆመች አንዲት ጠላ ሻጭ ብቻ አላጨበጨበችም፤ ድምፁን የት እንደምታውቀው አልጠፋትም።

እሳቸውም አዩዋትና በድምፅ ማጉያው፣ «አንቺ! አንገትሽ ባዶ ነው። ማተብሽን ለየትኛው ባዕድ ሸጥሽው? ለሕዝቡ ተናገሪ!» ብለው አፋጠጧት። ሕዝቡም «ከሃዲ!» እያለ ዞረባት።

ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣችና፣ «ኧረ አልሸጥኩም ጌታዬ! ያኔ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ከአንገቴ በጥሰው የወሰዱት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ነገ ይመልሱልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ለካስ እርስዎ አስረውት ኖሯል!» አለቻቸው።