አያ ሣጥንና ዓይን የሚጋርደው መነጽር

ተረት ይዣለሁ፤ «አምጣው!» በሉኝ። አምጣው ካላችሁማ ጠጋ በሉ፣ እግራችሁንም ሰብስቡ። ይህ ተረት ከፍታ አለበትና ራሱን የሚያዞረው ሰው ግድግዳውን ይደገፍ።

ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ቢሾፍቱ ከተማ፣ ከሐይቁ ገደል አፋፍ ላይ፣ ጋሽ ወርዶፋ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ጋሽ ወርዶፋ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። ስንቱን አውሮፕላን አክመው ወደ ሰማይ ሸኙት! እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ መሪ ጨብጠው አያውቁም። ጡረታ ሲወጡ ኮምፒውተር ገዙ፤ በኮምፒውተሩም ላይ የበረራ ጨዋታ አስጫኑ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ መሪውን ይጨብጣሉ፣ ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው ይበርራሉ።

ኮምፒውተሩ አያ ሣጥን ይባላል። ሆዱ ውስጥ እየተሽከረከረች የምታበርደው ማራገቢያ ደግሞ እመት ነፋሲት ትባላለች። አያ ሣጥን አርጅቷል። ሲቀሰቅሱት ያቃስታል፣ ሲያሠሩት ያለከልካል። ሥራውን ግን ያውቃል። ሰማዩን፣ ተራራውን፣ ማኮብኮቢያውን በአንድ ሰከንድ ሠላሳ ጊዜ እየሣለ ለስክሪኑ ያቀብላል። ሠላሳ ሥዕል ለአቅሙ ልክ ነው።

አንድ ፍርሃት ግን ነበረበት። ከእሱ በፊት በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ አሮጌ ቴፕ ነበር። ቴፑ ድምፁ ስለሻከረ ብቻ አንድ ጠዋት ለቆራሌው ተሰጠ። ቆራሌው ጆንያ ውስጥ ከተተው። ቴፑ ከጆንያው ውስጥ ሆኖ «ኧረ ገና እዘፍናለሁ! ገና እዘፍናለሁ!» እያለ፣ ገመዱ በአቧራው ላይ እየተጎተተ ሄደ። አያ ሣጥን ያን ገመድ አይረሳውም። ከመንገድ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ በሰማ ቁጥር ብሎኑ ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

ከዕለታት በአንዱ ቀን የጋሽ ወርዶፋ ልጅ ሌሊሴ አንድ ካርቶን ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ይሄ መነጽር ነው። ዓይንህን ግጥም አድርጎ ይጋርደዋል። ከዚያ ስክሪን የለ፣ ግድግዳ የለ፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ገብተህ ቁጭ ነው!»

መነጽሩ አዲስ ይመስላል፣ ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ አያ ሣጥንን ከላይ እስከ ታች ገረመመው።

«ሽማግሌ፣ አንተ ነህ ሥዕል የምታቀብለኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ስማ። እኔ እንደዚያ ጠፍጣፋ ስክሪን አይደለሁም። ለግራ ዓይን ዘጠና ሥዕል፣ ለቀኝ ዓይን ዘጠና ሥዕል፣ በአንድ ሰከንድ እፈልጋለሁ። ሰውዬው ራሱን ሲያዞር ሰማዩም አብሮ መዞር አለበት። ከዘገየ ሆዱ ይገለበጣል። ትችላለህ?»

አያ ሣጥን በልቡ ደመረ። ዘጠናና ዘጠና! በልጅነቱ እንኳ ያን ያህል ሥሎ አያውቅም። «አልችልም» ሊል አፉን ከፈተ። ይሄኔ ከመንገድ «ቆራሌው! ቆራሌው!» የሚል ድምፅ መጣ።

«እችላለሁ» አለ አያ ሣጥን።

በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ወርዶፋ በሐይቁ ላይ በረሩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ የሚሣለውም ትንሽ። አያ ሣጥን አለከለከ፣ አቃሰተ፣ ተንገዳግዶ አርባ ሥዕል አደረሰ። ጋሽ ወርዶፋ እንደ ሕፃን ጮኹ።

«ክንፉ! ልጄ፣ ክንፉን አየሁት እኮ! ዘወር ብዬ አየሁት!»

መነጽሩን ሲያወልቁ ግን ግንባራቸው በላብ ርሷል። «ትንሽ አዞረኝ» አሉ። «ምሳ አብዝቼ ይሆናል።»

እመት ነፋሲት በሹክሹክታ «አያ ሣጥን፣ ሞቀሃል» አለችው።

«ሞቅ ቢለኝ ምን አለበት? አንቺ ዝም ብለሽ ዙሪ።»

በሁለተኛው ቀን ጋሽ ወርዶፋ በአዲስ አበባ ላይ በረሩ። ያ ሁሉ ፎቅ፣ ያ ሁሉ ጣሪያ፣ ያ ሁሉ መኪና! መነጽሩ «ጨምር! ጨምር!» ይላል። አያ ሣጥን ግን ወደ ሃያ ወረደ። ጋሽ ወርዶፋ ራሳቸውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ከተማው ወደ ኋላ ይቀራል፤ እሳቸው ሲቆሙ ከተማው ዘግይቶ እየተወላገደ ይደርሳል። መነጽሩን አውልቀው ወደ ጓሮ ሮጡ፤ የበሉትን ሁሉ አስመለሳቸው። ሁለት ቀን አልጋ ላይ ዋሉ።

ጣሪያውን እያዩ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ለሌሊሴ። «አርጅቻለሁ። ሰማይ ለእኔ አልተፈጠረም።»

አያ ሣጥን ይህን ሰማ። በእሱ ውሸት ሰውዬው ራሳቸውን እየወቀሱ ነው!

«ተቃጠልክ እኮ!» አለች እመት ነፋሲት። «እኔም ክንፌ ዛለ። እውነቱን ንገራቸው።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ነገ።»

ነገ መጣ፣ አልተናገረም። ከነገ ወዲያም መጣ፣ አልተናገረም። በጆንያ ውስጥ ያለውን ጨለማ ሲያስበው እንደገና «ነገ» ይላል።

በሦስተኛው በረራ ቀን ጋሽ ወርዶፋ እልህ ይዟቸው ተነሡ። «አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር። የክረምት ደመና ውስጥ ልግባ፤ ፓይለቶቹ ሁሌ የሚያወሩትን ልየው» አሉ። ሌሊሴ ገበያ ሄዳለች፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም። አያ ሣጥን ከመጋሉ የተነሣ ክፍሉ እንደ ምድጃ ሞቆ ነበርና ወደ በረንዳው የሚያስወጣውን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። ከበረንዳው ጫፍ ወደ ገደሉ የሚወርድ አሥራ አምስት የድንጋይ ደረጃ አለ፤ መደገፊያ የለውም።

ተቀመጡ። መነጽሩን አጠለቁ። በረሩ።

ደመናው መጣ። ዝናቡ መጣ። መብረቁ መጣ። አያ ሣጥን አሥራ አምስት ሥዕል ሣለ። ዘጠኝ ሣለ። አራት ሣለ። ከዚያ እጁ ደርቆ ቀረ፤ ሥዕሉም ቆመ። ሥዕሉ የቆመው ደግሞ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ መሬት ተደፍቶ ሳለ ነው።

ጋሽ ወርዶፋ ራሳቸውን ወደ ግራ አዞሩ፤ መሬቱ አልሄደም። ወደ ቀኝ አዞሩ፤ መሬቱ ያው ፊታቸው ላይ ነው። ጆሯቸው እንደሚወድቁ ነገራቸው፣ ሆዳቸውም እንደሚወድቁ ነገራቸው።

«ወደቅኩ! ሰዎች፣ ወደቅኩ!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። እጃቸውን ዘርግተው መራመድ ጀመሩ። የመነጽሩ ገመድ ረጅም ነው፤ አልያዛቸውም። በእሳቸው ቤት ወደ ግድግዳው እየሄዱ ነው። የሚሄዱት ግን ወደ በሩ ነበር።

መነጽሩ ግንባሩ ላይ ውጭውን የምታይ ትንሽ ዓይን አለችው። በዚያች ዓይን ደረጃውን አየ፤ ኩራቱ ሁሉ በነነ።

«አያ ሣጥን!» ብሎ ጮኸ። «በረንዳ ደርሰናል! ደረጃው! ሥዕል ስጠኝ፣ ወይም አንድ ነገር አድርግ!»

«ጋሽ ወርዶፋ! ይቁሙ!» አለች እመት ነፋሲት። ማን ሰምቷት! ከመነጽሩ የሚወጣው ነጎድጓድ ጆሯቸውን ደፍኖታል።

አንድ እርምጃ። አያ ሣጥን ሊሥል ሞከረ፤ አልቻለም። ሁለተኛ እርምጃ። አሁን ራሱን ቢያጠፋ መነጽሩ ይጨልማል፣ ጋሽ ወርዶፋም ያወልቁታል። ግን ያኔ ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ካወቀ ደግሞ ጆንያው አለ፣ ጨለማው አለ፣ በአቧራ የሚጎተተው ገመድ አለ።

ሦስተኛው እርምጃ ተነሣ።

«አልችልም!» ብሎ ጮኸ አያ ሣጥን። ጮኸና ድርግም አለ።

መነጽሩ ጨለመ። ነጎድጓዱ ጸጥ አለ። ጋሽ ወርዶፋ ደንግጠው ካሉበት ቆሙ፤ መነጽሩን ከፊታቸው ነጠቁት። ወደ ታች ሲያዩ የግራ እግራቸው ነጠላ ጫማ ከመጀመሪያው ደረጃ በላይ አየር ላይ ነው። ከሥር ገደሉ። ቀስ ብለው እግራቸውን መለሱ። ወደ ኋላ ሸሽተው የበሩን መቃን በሁለት እጃቸው አቅፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ለረጅም ጊዜም አልተነሡም።

አያ ሣጥን በርዶ ሲነቃ ጋሽ ወርዶፋ ፊቱ ቆመዋል። መነጽሩን በእጃቸው ይዘዋል።

«ማነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ» አለ አያ ሣጥን። «አልቻልኩም፣ ጋሼ። ዛሬ ብቻ አይደለም፣ ከመጀመሪያውም አልችልም ነበር። ያዞርዎት የእርስዎ እርጅና አይደለም፤ የእኔ ነው። ለቆራሌው እንዳይሰጡኝ ፈርቼ ዋሸሁ።»

ጋሽ ወርዶፋ ወንበራቸውን ስበው ፊቱ ተቀመጡ።

«አርባ ዓመት ሙሉ ብሎን አጥብቄያለሁ» አሉ። «ላልቶ የሚንሿሿ ብሎን አስፈርቶኝ አያውቅም፤ እሱን ሰምተህ ታጠብቀዋለህ። እንቅልፍ የነሣኝ ላልቶ ሳለ ጸጥ የሚለው ብሎን ነው። አውሮፕላን የሚጥለው እሱ ነው። ገደል ልትከተኝ ነበር እኮ!»

ይሄኔ መነጽሩ በቀጭን ድምፅ ተናገረ። «ጥፋቱ የእኔም ነው። እኔም ከሌላ ቤት ተመልሼ የመጣሁ ነኝ፤ ‹አይረባም› ብለው በካርቶኔ ወደ ሱቁ መለሱኝ። ዳግመኛ እንዳልመለስ ብዬ ነው ጉራ የነዛሁት። ዘጠና ባይሞላ አርባ አምስት ይበቃኛል፤ በመካከል የጎደለውን እኔው እሞላዋለሁ። ግን ‹ይበቃኛል› ማለት ፈራሁ።»

«በሁለት ፈሪዎች መካከል ተቀምጬ ነበር የምበርረው!» አሉ ጋሽ ወርዶፋ።

ሌሊሴ ከገበያ ስትመለስ ሁሉን ነገሯት። አለቀሰች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ሥራ ጀመረች። የአያ ሣጥንን ጎን ፈታ አውራ ጣት የሚያህል አቧራ አወጣች። ከጨዋታው ውስጥ ወፍራሙን ደመና ቀነሰች፣ ጥላውን አጠፋች፣ ሩቅ ያሉትን ቤቶች አስወገደች። ወንበሩን ፊቱን ከበሩ አዞረች፣ በሩንም ቆለፈች።

ጋሽ ወርዶፋ ግን ለአንድ ወር መነጽሩን አልነኩትም። ደረጃ ሲወርዱ እንኳ ግድግዳ ይይዙ ነበር። ከወር በኋላ አሥር ደቂቃ በረሩ። ሰማዩ ባዶ ነበር፣ ምድሩም እንደ ሕፃን ሥዕል ቀላል፤ ራሳቸውን ሲያዞሩ ግን ሁሉም አብሯቸው ዞረ። ሆዳቸውም አልተገለበጠም።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ወርዶፋ ለበረራ ከመነሣታቸው በፊት አያ ሣጥንን «ዛሬስ እንዴት ነህ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንድ ሐሩር የሆነ ቀን አያ ሣጥን ይህን ሲጠየቅ ፍርሃቱ ተመለሰበት፤ ብሎኑ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። እንደ ምንም ብሎ «ዛሬ አልችልም» አለ።

«እሺ» አሉ ጋሽ ወርዶፋ፤ መነጽሩንም ካርቶኑ ውስጥ መልሰው ጋዜጣቸውን ማንበብ ጀመሩ። አያ ሣጥን የሚመጣበትን ጠበቀ። ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ ምንም አልመጣበትም።

ለዚህ ነው «አልችልም ማለት አንገት ያስደፋል፤ ሳይችሉ እችላለሁ ማለት ሰው ገደል ይከታል» የሚባለው። ተረቴን ለጆሯችሁ ሰጥቻለሁ፤ እናንተ ደግሞ ለደረቀው ጉሮሮዬ ውኃ አቀብሉኝ።