ገንፎው ሳይቀዘቅዝ

ጆሯችሁን ለጥቂት ጊዜ አውሱኝ፤ ገንፎው ሳይቀዘቅዝ እመልስላችኋለሁ።

ወይዘሮ አስካለ አንዲት ትንሽ ነገር ፈለጉ፦ ዛሬ ጧት ከዋልካው ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ ለተገላገለችው ልጃቸው ለስመኝ ገንፎ በትኩሱ ማድረስ። ገንፎው በስሏል፤ ቅቤው መሐሉ ላይ ቀልጦ ተኝቷል። መንገዱ በእግር ሁለት ሰዓት ነው፤ በባለቤታቸው በአቶ ደምሰው ባለ አራት ጎማ ሞተር ግን ሃያ ደቂቃ። በዚያ ጭቃ መኪና እንደማያልፍ መኪኖቹም ያውቁታል።

አቶ ደምሰው ሞተራቸውን ራሳቸው የሚጠግኑ፣ በየቅዳሜው ጎማ የሚነፉ፣ ዘይት የሚለኩ ሰው ናቸው። ቁልፉን አዞሩ። ጸጥ።

«ምን ሆነሃል?» አሉት ሞተሩን።

«ካንዴላው ብልጭ ካላለ አልነሳም» አለ ሞተሩ።

ሞተሩ አይነሳም፣ ገንፎው ይቀዘቅዛል።

ካንዴላውን ፈትተው አወጡት። ያበራል፤ ባለፈው ቅዳሜ ወልውለውታል። «ይኸው ንጹሕ ነህ! ታዲያ ምን ቸገረህ?»

«በንጽሕና ብቻ ብልጭ አይባልም» አለ ካንዴላው ወደ ቦታው እየተመለሰ። «ባትሪው ኃይል ይስጠኝ።»

ባትሪው ኃይል አይሰጥም፣ ካንዴላው ብልጭ አይልም፣ ሞተሩ አይነሳም፣ ገንፎው ይቀዘቅዛል።

«እኔ ሙሉ ነኝ!» አለ ባትሪው ከመቀመጫው ሥር፣ በታፈነ ድምፅ። «ሽቦዬ የሚታሰርበትን ቦታ ነጭ ዝገት ወረሰው እንጂ። መቀመጫው ይከፈትና ይፋቅልኝ።»

«በደስታ!» አለ መቀመጫው። «ግን ዶሮዋ ተቀምጣብኛለች።»

አቶ ደምሰው ሞተሩን ያለበሱትን ብርድ ልብስ ገለጡ። ዶሮዋ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አስካለ! ዶሮ ሞተሬ ላይ ምን ትሠራለች?»

«ታቅፋለች» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ብርድ ልብስ ያለበስከው አንተ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ከላይ አትንካው ያልኩህ ለምን መሰለህ?»

«ለሞተሩ አስበሽ መስሎኝ ነዋ!»

እጃቸውን ሰደዱ፤ ዶሮዋ በምንቃሯ ወጋቻቸው። «ስድስቱ ተፈልፍለዋል። ሰባተኛው እንቁላል ካልተሰበረ አልወርድም» አለች።

ዶሮዋ አትወርድም፣ መቀመጫው አይከፈትም፣ ባትሪው ኃይል አይሰጥም፣ ካንዴላው ብልጭ አይልም፣ ሞተሩ አይነሳም፣ ገንፎው ይቀዘቅዛል።

«እኔን ምን አድርግ ትሉኛላችሁ?» አለ እንቁላሉ። «ጫጩቷ ከውስጥ ካልኮረኮመችኝ አልሰበርም።»

«ወጥቼስ?» አለች ጫጩቷ። «ውጭው ጭር ብሏል። እልልታ ካልሰማሁ አልኮረኩምም።»

አቶ ደምሰው ፊታቸው በራ። «እልልታ ብቻ? አስካልዬ፣ በይ አንዴ ልቀቂው!»

«አይሆንም።»

«ምን?»

«አምና ስመኝ አርግዛለች ሲሉኝ ቸኩዬ እልል አልኩ፤ በአራተኛው ወር ወረደባት። ዘንድሮ በዓይኔ ሳላይ እልል አልልም ብዬ ምያለሁ።»

አቶ ደምሰው መፍቻቸውን አስቀመጡ። ይህ በመፍቻ አይፈታም።

እልልታው አይወጣም፣ ጫጩቷ አትኮረኩምም፣ እንቁላሉ አይሰበርም፣ ዶሮዋ አትወርድም፣ መቀመጫው አይከፈትም፣ ባትሪው ኃይል አይሰጥም፣ ካንዴላው ብልጭ አይልም፣ ሞተሩ አይነሳም። ሞተሩ ካልተነሳ ሕፃኗ አትታይም፤ ሕፃኗ ካልታየች እልልታው አይወጣም። ገንፎው ግን ማንንም ሳይጠብቅ ይቀዘቅዛል።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። ስመኝ ናት።

«እማዬ፣ የት ደረሳችሁ?»

«ዶሮዋ ጋ።»

«የምን ዶሮ? ገንፎው በረደ በቃ! ቆይ፣ ባይሆን እሷን ስሚያት።»

ስልኩ ውስጥ አንዲት ሕፃን ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ እሪ አለች። ጤነኛ፣ የተቆጣ፣ የራበው ሰው ጩኸት።

ወይዘሮ አስካለ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ ቆሙ። «በዓይኔ ነበር የማልኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ጆሮዬ ግን አልማለም።»

እልልልልልልል! አንድ! እልልልልልልል! ሁለት! እልልልልልልል! ሦስት!

እልልታው ወጣ፣ ጫጩቷ ኮረኮመች፣ እንቁላሉ ተሰበረ፣ ዶሮዋ ሰባት ልጆቿን ይዛ ወረደች፣ መቀመጫው ተከፈተ፣ ዝገቱ ተፋቀ፣ ባትሪው ኃይል ሰጠ፣ ካንዴላው ብልጭ አለ፣ ሞተሩ ዱ-ዱ-ዱ-ዱ ብሎ ተነሳ!

«ያዢው! ገንፎውን ያዢው!»

«ይዤዋለሁ፤ አንተ መንገዱን ያዝ!»

ዋልካው ወደ ሰማይ ተረጨ። ገንፎው ዶሮዋ ሦስት ሳምንት ባሞቀችው ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በወይዘሮ አስካለ ጭን ላይ ተቀምጧል። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ እስከ ቅንድባቸው ጭቃ ነበሩ። ስመኝ ሕፃኗን አቅፋ ቀና ስትል ወይዘሮ አስካለ እልልታቸውን እንደገና ለቀቁት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«እማማ» አለች አዋላጇ እየሳቀች፣ «ሴት ናት እኮ! ለሴት ሦስት ነው።»

«ሦስቱን ቤት ጨርሻለሁ» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «እነዚህ አራቱ ለጎማዎቹ ናቸው።»

ስመኝ የመጀመሪያዋን ማንኪያ ቀመሰችና «ኡፍ፣ አቃጠለኝ!» አለች። እንግዲህ ጆሯችሁን እንካችሁ።