የሰባት ቁጥር ወንበር ብሎን

ቆይ፣ ሳቄ ይለፍልኝ! ሆዴን! ተቆጣጣሪው አየር ላይ እግሩን ሲያንፈራግጥ... እሱ ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ ዋናው እሱ ነው፣ ጠብቁ።

የወንድሜ ልጅ፣ ማስተዋል፣ የልጆች መዝናኛው ቦታ ከፍ እያለ ከሚሽከረከረው ወንበር ወደቀች። የሰባት ቁጥሩ ወንበር መዝጊያ ብሎኑ ወልቆ ኖሮ ብርግድ አለና፣ ዱብ! እጇ በጀሶ ታሰረ። ታዲያ ካሳ አላለች፣ ከረሜላ አላለች። "አክስቴ፣ ብሎን ያስገቡበት፤ ሌላ ልጅ ይወድቃል" አለች። "ይቺ ብቻ?" አልኩና ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እሷንም ይዤ ሄድኩ።

ልጆች ተሰልፈዋል። ማሽኑ ይዞራል። አዟሪውን "አቁመውና ብሎን ይግባበት" ስለው፣ "እኔ አዟሪ ነኝ፤ ብሎን የመካኒኩ ነው" አለኝ።

መካኒኩ ጥላ ሥር ተጋድሟል። "አዟሪው አያቆም፤ ተነስና አጥብቅ!" ስለው፣ "በጥርሴ ላጥብቀው? ብሎን ያለው ዕቃ ቤት ነው" አለኝ።

የዕቃ ቤቷ ሴትዮ ቁልፉን አንገቷ ላይ እንደ ማተብ አስራዋለች። "እቴ፣ አዟሪው አያቆም፣ መካኒኩ አያጠብቅ፤ ብሎን ስጪኝ!" "ያለ ፊርማ? ሥራ አስኪያጁ ይፈርምልሽ!"

ሥራ አስኪያጁም ወንበር ላይ ይሽከረከራል፤ የእሱ ብሎን ጠብቋል! "ጌታዬ፣ አዟሪው አያቆም፣ መካኒኩ አያጠብቅ፣ ሴትዮዋ አትሰጥ፤ ይፈርሙልኝ!" "ተቆጣጣሪው 'ተበላሽቷል' ብሎ ካልጻፈ በምን ልፈርም?"

ተቆጣጣሪው ዘንድ ሮጥኩ። "አዟሪው አያቆም፣ መካኒኩ አያጠብቅ፣ ሴትዮዋ አትሰጥ፣ ሥራ አስኪያጁ አይፈርም፤ ተበላሽቷል ብለህ ጻፍ!"

መዝገቡን ገለጠ። "አይቻልም። መስከረም ላይ ቁጭ ብዬ የዓመቱን በሙሉ 'ደህና ነው' ብዬ ፈርሜበታለሁ። እስከ ጳጉሜን ደህና ነው።"

"ልጅቷ ወድቃለች እኮ!"

"እሷ ወደቀች እንጂ ወንበሩ ደህና ነው። ደግሞ አዟሪው ካላቆመ እንዴት ልየው?"

ስሙልኝማ! ዞሬ ዞሬ ተመልሼ አዟሪው ጋ!

"ደህና ከሆነማ ና!" ብዬ ከነመዝገቡ በክንዱ ጎተትኩት። ስንደርስ ዙሩ አልቋል፤ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሚጢጢ ሰባት ቁጥር ላይ ልትወጣ ነው። እሷን ብድግ፣ እሱን ቁጭ አደረግኩ። "አዙር!" አልኩ። አዟሪው እቴ፣ ማዞር ሥራው ነው፣ የማሽኑን ቁልፍ ነካው። ሁለት ክንድ ከፍ ሳይል መዝጊያው ብርግድ! ተቆጣጣሪው ብረቱን አቅፎ ተንጠለጠለ።

"ተበላሽቷል! እናንተ ሰዎች፣ ተበላሽቷል!"

"ጻፈው!" አልኩት።

አዟሪው አወረደው፤ ተቆጣጣሪውም መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ። እሱ ሲጽፍ ሥራ አስኪያጁ ፈረመ፣ ሥራ አስኪያጁ ሲፈርም ሴትዮዋ ሰጠች፣ ሴትዮዋ ስትሰጥ መካኒኩ አጠበቀ፣ መካኒኩ እስኪጨርስ አዟሪው ቁልፉን ነቅሎ ቆመ።

ተቆጣጣሪው ላቡን ጠርጎ ሹልክ ሊል ሲል፣ የእኔዋ ጉድ በጀሶ እጇ መንገዱን ዘጋችበት።

"ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ስምንት ቁጥር ላይ ይቀመጡ።"