ሳንቲሞቹ ገደሉን እንዴት ተሻገሩ

አንድ ሀብታም ነበረ። ቆይ እንጂ፣ አትነሣ! ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ። «አባባ፣ የመድኃኒቱን ዕውቀት አያትዎ ለአባትዎ ብቻ፣ አባትዎም ለእርስዎ ብቻ ነው ያወረሱት። እርስዎ ግን ለምን ለአምስታችን ያካፍሉታል? በኩሩ እኔ እያለሁ የእባብ ንክሻውን መድኃኒት እንዴት ለዚያ ለሚንተባተበው ለታናሼ ይሰጡታል?» አይደል ያልከኝ? እንግዲህ ከጠየቅህ አይቀር ቁጭ ብለህ ስማ።

አንድ ሀብታም ነበረ። ሀብቱ ከብት አይደለም፣ መሬትም አይደለም፤ የጥንት ነገሥታት ሳንቲም ነው። በአገሩ ገበሬ ሲያርስ ከማረሻው ሥር ብልጭ የሚል ነገር ካገኘ «ለእሱ ውሰዱለት» ይባላል። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ሰበሰበ። እያንዳንዱን በጥጥ ይጠቀልለዋል፤ ሲያነሣውም ጠርዙን ይዞ ነው እንጂ ፊቱን በጣቱ አይነካውም። ሎሚና አመድ ይዞ «ላጽዳልህ» ያለውን ሰው ከቤቱ ያባርር ነበር። መወልወሉ ዝገቱን ብቻ ሳይሆን የንጉሡንም ፊት ይፍቀዋላ! ከሁሉ አብልጦ የሚወደው አንድ የወርቅ ሳንቲም ነበረው፤ ንጉሡ ዘውዱን ደፍቶ በሁለት የስንዴ ዛላ መሀል ይታያል።

ሰውየው አረጀ፤ ልጅም አልነበረውም። አንድ ቀን በትልቁ ከተማ ካለው የቅርስ ቤት መልእክት መጣለት። «ሳንቲሞችህን ብታመጣልን በመስተዋት ውስጥ እናኖራቸዋለን፤ የከተማችሁንም ስም ከበላያቸው እንጽፋለን» የሚል ነው። የአገሩ ሰው የሚሆነውን አጣ። ማንም የማያውቃት ከተማ ስሟ ሊጻፍ! ሰውየውን ግን እንቅልፍ እምቢ አለው። መንገዱ ረጅም ነው፤ በመሀሉም ሽፍታ የማይጠፋበት ገደል አለ። ሳንቲሞቹ እዚያ ከቀሩ ዳግመኛ አይገኙም።

ስለዚህ ባለ ሦስት ቁልፍ የብረት ሣጥን አሠራ፤ ጠመንጃ ያነገቱ ዘበኞችም ቀጠረ። እስከዚህ ደህና ነው። ከዚያስ? እኛ ሰዎች ደግሞ ሽኝት ስንወድ! «የአገራችን ክብር እንደ ሌባ ተደብቆ ይውጣ?» ተባለና ሰንጋ ተጣለ፣ ጠላ ተጠመቀ፤ ሴቱ እልል አለ፣ ወንዱ ፎከረ። ሣጥኑን በቀይ ጨርቅ አስጊጠው ጭነት መኪና ላይ ሰቀሉት። ዘበኞቹም በየደረሱበት ደረታቸውን ነፍተው «የምንጠብቀው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» ይላሉ። ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ሄደ።

ከገደሉ አፋፍ ላይ አንዲት የገበያ ከተማ አለች። እዚያ ሲደርሱ ምሳ የምትሸጥ ሴት ሀብታሙን ገለል አድርጋ፣ «አባቴ፣ ባይወርዱ ይሻልዎታል። ቀዩን ሣጥን የሚጠብቁ ሰዎች ገደሉ ውስጥ ከሰፈሩ ሰንብተዋል» አለችው። ዘበኞቹ ይህን ሲሰሙ አንዱ ሆዴን አለ፣ ሌላው ጫማዬ ተበጠሰ አለ፤ ሁሉም ተነኑ። የቀረው አለቃቸው ብቻ ነበር፤ እሱም «እንመለስ» ይላል።

ቢመለስ እልል ብሎ የሸኘውን ሰው በምን ዓይኑ ያየዋል? ቢወርድ ደግሞ ዕድሜ ልኩን የለቀመውን በእጁ ለሽፍታ ሊያስረክብ ነው። ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እያለቀሰም ገበያውን አየ። ጨው የጫነው፣ ቅቤ የተሸከመችው፣ በግ የሚነዳው፣ ያ ሁሉ ሰው ገበያው ሲፈታ በዚያው ገደል ወርዶ ማዶ ወዳለው ቤቱ ይገባል። ሽፍቶቹ ዘወትር ያዩታል፤ ምን አለውና ይነኩታል?

ሰውየው ብድግ አለ። ምሳ ሻጯን «ማዶ ከሚገቡት የምታምኛቸውን ጥሪልኝ» አላት። ጓሮዋ ውስጥ ሰበሰበችለት። ሣጥኑን ከፍቶ እያንዳንዱን ሳንቲም እያነሣ ከማን ማሳ እንደወጣ፣ የትኛው ንጉሥ እንዳሠራው ነገራቸው። «ይህ የእኔ ብቻ አይደለም፤ የእናንተም አያቶች ነው። አንድ አንድ ያዙና አሻግሩልኝ፤ ከማዶው ድልድይ ላይ እንገናኝ። አትወልውሉት፣ ከጥጡም አታውጡት። አደራ!»

የዘበኞቹ አለቃ ጭንቅላቱን ያዘ። «ጌታዬ፣ አበዱ እንዴ? ስማቸውን እንኳ አያውቁም!»

እነሱ ግን አደራ መባላቸውን ሰምተዋል። አንዷ ሳንቲሙን ከነጥጡ ሹሩባዋ ውስጥ ጎነጎነችው። በግ ነጂው ከበጉ ላት ሥር አሰረው። ጨው ነጋዴው ከአህያው ኮርቻ ስፌት ውስጥ ወሸቀው። ሁሉም ይዞ ሲያበቃ የወርቁ ንጉሥ ብቻ ቀረ። ሀብታሙ ራሱ እንዳይይዘው ሽፍቶቹ የእሱን መልክ ሰምተዋል፤ መፈተሹ አይቀርም።

በዚህ ጊዜ እግሩ የቆሰለ ለማኝ በምርኩዙ ተደግፎ ከደጅ፣ «ለእኔስ፣ ጌታዬ?» አለ።

አለቃው ሳቀበት። «አንተ ሰው፣ ምጽዋት መሰለህ እንዴ?»

ለማኙ አልሳቀም። «ምጽዋትማ ሰው ሰጥቶኛል። ፍርፋሪ ሰጥቶኛል፣ ስድብም ሰጥቶኛል። አደራ የሰጠኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም» አለ።

ሀብታሙ የወርቁን ሳንቲም በጥጥ ጠቅልሎ በመዳፉ ላይ አኖረለት።

ሣጥኑን ጠጠር ሞልተው፣ ሦስቱንም ቁልፍ ቆልፈው፣ ሀብታሙና አለቃው በመኪናው ይዘውት ወረዱ። ሽፍቶቹ አስቁመው ሣጥኑን ነጠቋቸው፤ እነሱንም ልብሳቸው እስኪቀደድ ፈትሸው ለቀቋቸው። ሣጥኑን በስንት መከራ ሰብረው ጠጠሩን ሲያዩ እንዴት ያለ ንዴት! የሚወርደውን ገበያተኛ ሁሉ እያስቆሙ ከረጢቱን ገለበጡ፣ ኪሱን ዳበሱ።

ሀብታሙ ድልድዩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ሰዎቹ በየተራ ደረሱ። ሴትየዋ ሹሩባዋን ፈታች፤ በግ ነጂው ላቱን ገልቦ ፈታ፤ ባለ አህያውም ስፌቱን ተረተረ። አንድም የጎደለ የለም። ለማኙ ብቻ አልመጣም። ፀሐይ አዘቀዘቀች። አለቃው «አላልኩም?» አለ። ሀብታሙ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አልነቀለም። ሳንቲማቸውን ያስረከቡት ሰዎችም ቤታቸው እዚያው ማዶ እየታያቸው አንዳቸውም አልሄዱም።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ምርኩዙ ብቅ አለ። ለማኙ እያነከሰ መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ዝንብ የወረረውን የቁስሉን ጨርቅ መፍታት ጀመረ። ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ። ከላይኛው ጨርቅ ሥር ንጹሕ ጨርቅ አለ፤ በእሱ ውስጥ ጥጥ አለ፤ በጥጡ ውስጥ ንጉሡ ከነዘውዱ፣ ከነስንዴው፣ ጭረት ሳይነካው ተቀምጧል።

«አንዱ ሽፍታ ሊያስፈታኝ መጥቶ ነበር፤ ሽታው መለሰው» አለ ለማኙ እየሳቀ። «አፍንጫውን ይዞ ይህችን ወረወረልኝ።» አንዲት አሥር ሳንቲም አውጥቶ ዘረጋ። «ከሽፍቶቹ የተገኘች ናት። እሷንም ከነገሥታቱ ጋር ይጨምሩልኝ።»

ድልድዩ በሳቅና በእልልታ ተናጋ። ሀብታሙ የለማኙን ጉልበት ስሞ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ለማኙ ቀና ብሎ፣ «ተዉ ጌታዬ። ነገ እለምናለሁ፤ ዛሬ ግን አልለምንም» አለው።

ሳንቲሞቹም ትልቁ ከተማ ገቡ። የሀብታሙ ከተማ ስምም ከበላያቸው ተጻፈ። በመስተዋቱ ውስጥ ከወርቁ ንጉሥ ጎን ያቺ አሥር ሳንቲም ተቀምጣለች፤ ጎብኚ ሁሉ «ይቺስ ምንድን ናት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ የለማኙ ታሪክ ይነገራል።

አየህ ልጄ፣ አንተ ብልህ ነህ። ከሁሉም ፈጥነህ ትይዛለህ፤ ይህን አልክድህም፤ በሰው ፊትም እኮራብሃለሁ። ግን «ሁሉንም እኔ ውስጥ ቆልፈው» ትለኛለህ። ሣጥን መሆን አማረህ! አንተን አንድ ክፉ ቀን ቢያገኝህ የአያቶችህ ዕውቀት በሙሉ ካንተ ጋር ገደል ሊገባ ነው። ታናሽህ ይንተባተባል፤ አዎ። ቅጠል የሚለየው በምላሱ ነው እንዴ? የእባቡን መድኃኒት በነገርኩት ቀን እንዳንተ «ሌላውስ?» አላለኝም። እጄን ይዞ አለቀሰ። እስከዚያ ቀን ድረስ በቤታችን ውስጥ አንድ ነገር አምኖ የሰጠው ሰው አልነበረማ! ያን ዕለት እንዴት እንደኮራሁ ባወቅህ።

በል ተነሥ። ነገ ቅጠል ለመልቀም ስትወጣ ጥራውና አብራችሁ ውጡ። አምስት ልጆች ወልጃለሁ፤ ሣጥን ግን አልወለድኩም።