ስለ ፈረሱ የሳለው ሰው

በሕይወቴ እምላለሁ፣ ከምነግርህ ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ ከዚህ መደብ አያስነሳኝ። ስንሻው፣ የጠየቅኸኝ ይህን ነው፤ «የኔታ፣ የልጄን ጥፋት በራሴ ላይ ብወስድለት ምን ነውር አለው? አባቱ አይደለሁም ወይ?» መልሱ አጭር ነው። እኔ ግን አጭር ነገር አልወድምና ስማ።

አንድ ሰው ነበረ። ዳማ ፈረስ ነበረው፤ ከማማሩ የተነሣ ሙሽራ በሰርጓ ቀን ባሏን ትታ ፈረሱን ትስም ነበር። በዚያ አገር በየዓመቱ በበዓል ቀን ፈረሰኛው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ከግልቢያው በፊት ፈረሶቹ ከአንድ ረጅም ገንዳ ይጠጣሉ፤ ፈረሱ ከገንዳው ያልጠጣለት ከሰው እንደ ተጣላ ይቆጠራል። ቀድሞ የሚጠጣው ግልቢያውን የሚመራው ፈረስ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያረገዘች ባዝራ ያለችው ሰው ባዝራውን ያቀርባል፤ መሪው ፈረስ አፉን ከነከረበት ከጠጣች ውርንጭላዋ እንደ እሱ ይወጣል ይባላል። የሰውየው ዳማ መሪ ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው። ሰውየውም መንገድ ሲሄድ መጀመሪያ አፍንጫው ይደርሳል፣ ቀጥሎ ደረቱ፣ እሱ ራሱ የሚደርሰው ቆየት ብሎ ነው።

በዓሉ ሲቃረብ ፈረሱ ሳለ። አፍንጫው ተዝረበረበ፣ ድርቆሽ አልቀምስም አለ። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ አየውና «ይህ ሄርፐስ የሚሉት የፈረስ በሽታ ነው» አለው። «ሰው አይይዝም። ከፈረስ ወደ ፈረስ ግን በትንፋሽ፣ በንፍጥ፣ አብሮ በመጠጣት ይሄዳል። ያረገዘች ባዝራ ከያዘ ያስጨነግፋል። ለብቻው እሰረው፣ ውሃውንም ለብቻው ስጠው። ተሻለው ብለህ ደግሞ እንዳትዘናጋ፤ በሽታው ውስጡ ይተኛል እንጂ አይወጣም፤ ፈረሱ ሲደክም ይነሣበታል።»

ሰውየው ከዚህ ሁሉ የሰማው «ሰው አይይዝም» የምትለውን ብቻ ነው። ፈረሱ ታሟል ከተባለ መሪነቱ ለሌላ ሊሄድ ነው። ስለዚህ አንድ መላ ዘየደ። ፈረሱ ሲስል እሱ ደርቦ ይስላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ፈረሱ ቢስል አንተ ምን ቤት ነህ?» አለችው ሚስቱ።

«ዝም በይ። ሳሉ የኔ ነው ይላሉ።»

«ንፍጡንስ? እሱንም ልትደርብለት ነው?»

ሳሉ እንዲህ የዋዛ ሳል እንዳይመስልህ። ጎረቤቱ አውድማ ላይ ጤፉን ሊያዘራ ነፋስ ሲጠብቅ፣ ሰውየው በዚያ ሲያልፍ አንዴ ቢስል እብቁ ወንዝ ማዶ አረፈ፤ ጤፉ ንጹሑን ቀረ። የአገሩ ዝንጅብል ለሱ ሳል ሲፈላ አለቀ። ጠያቂዎች ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ከመጋታቸው ብዛት ዝንብ በቤቱ በኩል ማለፍ ትታ ዙሪያውን ትሄድ ጀመር። አንዱ ጠያቂ ግን የፈረሱን አፍንጫ አየ።

«ይሄስ ምን ሆኖ ነው?»

«በኔ ሕመም አዝኖ እያለቀሰ ነው።»

«በአፍንጫው?»

«ኩሩ እንስሳ ነው። በዓይኑ አያለቅስም።»

ይህን የሰሙ ሁሉ እየመጡ ፈረሱን አንገቱን አቀፉት። ከሰውየው ግን ሸሹ። ለብቻው አስቀመጡት፣ መጠጫ ቅል ለዩለት፣ በትንፋሹ በኩል አትቆሙ ተባባሉ። ሐኪሙ ለፈረሱ ያዘዘውን አንድም ሳያጓድሉ ለሰውየው አደረጉለት።

በዓሉ ደረሰ። ሰውየውን ከሜዳው ጥግ አጥር ሥር አስቀምጠው ፈረሱን ሌላ ሰው ስቦ ወደ ገንዳው ወሰደው። ዳማው አፉን ነክሮ ጠጣ። ቀጥሎ አንዲት ባልቴት ባዝራዋን እየሳበች መጣች። ከባዝራዋ በቀር ከብት የላትም። ባዝራዋ ልትወልድ ስለ ደረሰች ባልቴቷ ላልተወለደው ውርንጭላ ቃጭል ገዝታ፣ እስኪወለድ ድረስ በራሷ አንገት ላይ አስራው ታቃጭላለች።

ሰውየው ቃጭሉን ሰማ። ሐኪሙ ያለው ሁሉ፣ ያልሰማው ሁሉ፣ ያን ጊዜ ተሰማው። ተነሥቶ ሮጠ።

«ራቁ፣ ሊስልብን መጣ» ብሎ አገሩ ተበተነ።

እሱ ግን ባዝራዋ አፏን ሳታደርስ ቀድሞ ከነጋቢው ገንዳው ውስጥ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ተነሥ ከባዝራዬ ፊት» አለች ባልቴቷ። «አንተን አይታ የወለደችው ውርንጭላ ምን መስሎ ሊወጣ ነው?»

«እናቴ፣ የታመመው ፈረሱ ነው። እኔ ደህና ነኝ።»

«ትኩሳቱ ራሱ ላይ ወጣ፤ ያዙት» አሉ። እያንዳንዱ ሌላው እስኪይዘው ጠበቀ።

ሰውየው ማንም እንዳላመነው ባየ ጊዜ በሁለት እጁ አፉን ጥርቅም አድርጎ ያዘ። አገሩም ከሩቅ አፍጥጦ አየው። ያን ጊዜ ዳማው ሳለ። ማንም አልደረበለትም።

ባልቴቷ ባዝራዋን ጎትታ ወደ ኋላ መለሰች። ገንዳው ተደፋ። በዚያ ዓመት ግልቢያ የለም ተባለ፤ ዳማው ለብቻው ታሰረ፣ መሪነቱም ለሌላ ሄደ።

ስንሻው፣ ልጅህ ጠጥቶ የሰው ጥርስ ባራገፈ ቁጥር «እኔ ነኝ የነካካሁት» እያልህ የምትደርብለት አንተ ነህ። ሰው ካንተ ይሸሻል፣ እሱን ያቅፈዋል። ጨዋ ልጅ፣ አባቱ ነው ያስቸገረው ይላል። አሁን ደግሞ ለጋብቻ ሽማግሌ ልትልክለት ነው። የሰው ልጅ ወደ ገንዳው እየመጣች ነው። አባትነትህን ማን ከለከለህ? ለሽማግሌዎቹ ብቻ አፍህን ያዝላቸውና የልጅህን ሳል ይስሙት።

አዎ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ጨዋታው እንዲያምር ብዬ ነው። ባዝራዋ አፏን ሳታደርስ ቀደማት ያልሁህን ነው። ሁለቴ ጎንጨት ብላ ነበር። ቃጭሉን ባልቴቷ ደጃፏ ላይ ሰቅላዋለች፤ አሁን የሚያቃጭለው ነፋስ ነው።