አጥሯ፣ አግቢዋና ዱላዋን የጣለችው

በአንድ ወቅት፣ ሩቅም አይደለም፣ እጇ መንቀጥቀጡን አልተው ያላት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ጨዋታው አልቋል፣ ላቧ ደርቋል፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ገብቷል፣ እሷ ግን ጣቶቿን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ «በቃ፣ አልቋል፣ በቃ» እያለች አሁንም ትንቀጠቀጣለች። ስሟ ትርንጎ ነው። ስምንተኛ ክፍል ናት። ለምን እንደምትንቀጠቀጥ ልንገራችሁ። ስጨርስ እናንተ ትፈርዳላችሁ፣ እሷ ደክሟታል።

ላይ አምባና ታች አምባ የሚባሉ ሁለት ጎረቤት መንደሮች አሉ። በየዓመቱ በገና ቀን፣ ከሁለቱ መሃል ባለው ሜዳ ላይ ገና ይጫወታሉ። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበች ጥንግ፣ ከዚያ ወዲያ ሩጫ ነው። ድሮ የወንዶች ብቻ ነበር። አሁን ሴቶቹም ቡድን አላቸው፤ እንዲያውም ሰው ከሩቅ የሚመጣው እነሱን ሊያይ ነው።

እዚያ አገር ሁለት ሕግ አለ። አንደኛው፣ ሜዳ ላይ የተመታ አይከስም፣ ካሳም አይጠይቅም። ጥንጓ መሬት ለመሬት ነው የምትሄደው፤ ዱላው እሷን ሲያሳድድ እግር ቢያገኝ ማንም ጥፋተኛ አይባልም። ሁለተኛው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቡድኖቹ እኩል ከሆኑ፣ ቀጥላ የምትገባዋ ጥንግ ጨዋታውን ትዘጋለች። «የማታ ጥንግ» ይሏታል። እሷ እስክትገባ ሰው ቢወድቅም ጨዋታ አይቆምም። ከገባች ግን ዱላ ሁሉ መሬት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ዱላ ያነሳ ሰው ዕድሜ ልኩን ሜዳ አይረግጥም። የማታ ጥንግን ያገባች ደግሞ የዕለቱ አለቃ ናት፤ ቃሏ አይታጠፍም።

ትርንጎ ቀጭን ናት፣ ግን ሩጫዋ ሌላ ነው። ካቻምና የታች አምባዋ ማንጠግቦሽ ቁርጭምጭሚቷን አገኘቻት። ጥንጓ አጠገቧ እንኳን አልነበረችም። ትርንጎ እስከ ፋሲካ አነከሰች። አልከሰሰችም፣ ሕጉ ነዋ። ከዚያ በኋላ ግን ከኋላዋ የዱላ ድምፅ ከሰማች ጥንጓን ትታ ትሸሻለች። ፍርሃቱ ሜዳ ላይ ቢቀር ጥሩ ነበር፤ ክፍል ድረስ ተከትሏት ገባ። መምህር ሲጠይቋት መልሱን እያወቀችው አንገቷን ትደፋለች።

ያኔ ነው የስፖርት መምህሩ ወንድይራድ አንጓችን ያመጡት። አንጓች ትከሻዋ የበር መዝጊያ ያህላል። የአንዲት ልጅ ጠጉር ይዞ የጎተተ ጎረምሳ ደብድባ ከትምህርት ቤት ተባርራ ቤቷ ተቀምጣለች።

«ጥንጓን እርሻት» አሏት መምህሩ። «ትርንጎ የሄደችበት ሂጂ። የሚመጣባትን ሰው እዪው።»

«ማየት ብቻ?»

«ካልገባው አስረጂው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ አጥር ሆነ። አጥር አንድም ጥንግ አግብታ አታውቅም፤ ስሟንም ማንም አያጨበጭብለትም። ግን አምና ትርንጎን አንድ ሰው አልነካትም። ትርንጎ ሮጠች፣ አገባች፣ እንደገና አገባች። ትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ ምን እንደነካት እንጃ፣ እጇን ማውጣት ጀመረች። በሚኒ ሚዲያ ዜና ማንበብ ጀመረች። ጓደኞቿ «አንቺ ደሞ ምላስ መቼ አበቀልሽ?» ይሏታል። እሷ ትስቃለች። አንድ ትልቅ ሰው ከኋላዋ የቆመ ይመስላታል፣ ክፍል ውስጥም ቢሆን።

ይሄን ነገር ከመጀመሪያው ያልወደደችው ስንዱ ነበረች። ስንዱ የቡድኑ አምበል ናት፣ ትልቋ። ሴት ገና አትጫወትም በተባለበት ጊዜ ቡድኑን ያቋቋመችው እሷ ናት፤ ትርንጎን ዱላ አያያዝ ያስተማረቻትም እሷው።

«ዘንድሮ እኛ አንድ መቺ አምጥተን፣ ለከርሞ እነሱ ሁለት ይዘው ባይመጡ ምን አለች በሉኝ» አለች አምና።

ይዘው መጡ። ማንጠግቦሽ የአክስቷን ልጅ አስከትላ መጣች፣ እሷም ጥንግ የማትነካ።

ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ነገር ነበረ። ከከተማው ክለብ አሰልጣኝ ዘነበወርቅ የሚባሉ ሴትዮ መጥተዋል። ክለቡ ደሞዝ ይከፍላል፣ ማደሪያ ይሰጣል፣ ያስተምራል። «ያለኝ አንድ ቦታ ነው» ብለዋል ገና ሳይጀመር፣ ለሁሉም እኩል።

አንድ ቦታ። የላይ አምባ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ላይ ያልቃል። የትርንጎ አባት «ስምንት መቼ አነሰ» ካሉ ቆይተዋል። አንጓችን የሚመልሳት ትምህርት ቤት የለም። ስንዱ ደግሞ ዕድሜዋ እያለፈ ነው፤ ክለቡ ከዘንድሮ ወዲያ አይወስዳትም። ሦስቱም ያቺን ቦታ ፈልገዋታል። ሦስቱም አላወሩትም።

እንግዲህ ጨዋታው ተጀመረ፣ ቀኑ ሙሉ እግርና አቧራ ሆነ፣ ፀሐይ ተራራው ጫፍ ላይ ስትደርስ እኩል ነበሩ። የማታ ጥንግ ተባለ። ሁሉም ደክሟቸዋል፤ ዱላ ማንሳት ራሱ ሸክም ሆኗል። ትርንጎ ጥንጓን ይዛ ወደ ታች አምባ ግብ ገሰገሰች። ማንጠግቦሽ ከጎን መጣች። ዱላዋ እግር አልፈለገም፣ ከትከሻዋ በላይ ተነሥቷል። ትርንጎ አየችው። እግሯ መሬቱ ላይ ተተከለ፣ አልታዘዛትም።

አንጓች አላመነታችም። በመሃል ገብታ ዱላዋን ሰነዘረች፣ የማንጠግቦሽን ክንድ አገኘችው። ቀጭ ሲል ተመልካቹ ድረስ ተሰማ። የማንጠግቦሽ ዱላ የትርንጎን ጆሮ በነፋሱ ዳብሶ መሬት ወደቀ። ማንጠግቦሽ «እጄን! ኧረ እናቴ፣ እጄን!» እያለች ተንከባለለች። አንጓች ከትርንጎ ፊት ቆመች፣ ዱላዋን እንዳነሳች። የታች አምባ ልጆች ሁሉ ዱላቸውን አነሱ። የላይ አምባዎቹም አነሱ። ከዳር የነበሩት ወንዶች ጋቢያቸውን እየጣሉ ብድግ ብድግ አሉ።

ስንዱም አላመነታችም። ዱላዋን ጣለችው። አምበል በማታ ጥንግ ላይ ዱላዋን ስትጥል ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ባዶ እጇን በዱላዎቹ መሃል አልፋ ማንጠግቦሽ ላይ ተደፋች፣ በሰውነቷ ሸፈነቻት። አንድ ዱላ ትከሻዋን አገኛት። የማን እንደሆነ እስካሁን አይታወቅም፤ የራሷ ቡድን ነው የሚሉም አሉ። አልተነሳችም። «ከፈለጋችሁ እኔን ምቱ፣ ለዚች ግን ወጌሻ ጥሩላት!» ብላ ጮኸች። ግማሾቹ ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። ግማሾቹ አላደረጉም።

ትርንጎ ግን አመነታች፣ እውነቱን እንናገር። ጥንጓ እግሯ ሥር ናት። ሁሉም ረስቷታል። ግቡ ላይ ማንም የለም። ከፊቷ ሰው ወድቋል፣ ስንዱ በወደቀችው ላይ ተደፍታለች። ሄዳ ታንሳቸው? ትሩጥ? የወንዶቹ እግር ሜዳውን ሊረግጥ ነው። ያኔ ጥንጓን መታቻት። እየተንቀጠቀጠች መታቻት፣ ተከትላ ሮጠች፣ አስገባቻት። ዞር ብላ ባላት ድምፅ ሁሉ፣ ዜና በምታነብበት ድምፅ፣ «የማታ ጥንግ ገብታለች! ዱላ መሬት!» አለች።

ዱላው ሁሉ መሬት ወረደ። ወንዶቹም ጋቢያቸውን አንስተው አራገፉ። ሕጉ ነዋ።

ማንም አልጨፈረም። ታች አምባዎች ሲሄዱ አንዷ «ሰው ወድቆ እያየሽ አገባሽ አይደል? ጅብ!» አለቻት። 

አሰልጣኟ መጡ። «እኔ የቆምኩት ከዳር ነው» አሉ። «አቧራው ውስጥ ማን ምን እንደሠራ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የዕለቱ አለቃ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት አንድ ስም ትነግሪኛለሽ። ያልሽኝን ይዤ እሄዳለሁ።»

«የራሴን ስም መጥራት ይቻላል?»

ሁሉም ዞሮ አያት። መምህር ወንድይራድ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ሕጉ አይከለክልም» አሉ።

«ክለባችሁስ አጥር ይፈልጋል?» አለች ትርንጎ።

አሰልጣኟ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «የኔ ልጅ፣ ስንት ዓመት እዚህ ሥራ ላይ ሆኜ እሱን መልሼ አላውቅም። መቺ የሌለው ክለብ ልጆቹ ይመቱበታል። መቺ ያለው ክለብ የሰው ልጅ ይመታል። ዘንድሮ የኛ ሁለት ልጆች ተሰብረው ቤታቸው ናቸው። ስሙን ብቻ ንገሪኝ።»

ሦስቱ ልጆች ወደ ወጌሻው ግቢ ሄዱ፣ ስንዱ ትከሻዋን ልታሳይ። ማንጠግቦሽ ውስጥ ነበረች፣ ስታቃስት ይሰማል። ወጌሻው ቅቤና ሸምበቆ ይዘው ወጡ። «እኔ በየዓመቱ ለዚች ቀን ሸምበቆ እየቆረጥኩ መጠበቅ ሰለቸኝ» አሉ። «ክንዷ ይገጥማል። ያንቺም ትከሻ ይሽራል። በሉ ደሞ ለከርሞ ኑ።»

ሦስቱ የግቢው አጥር ሥር ተቀመጡ። መጀመሪያ የተናገረችው አንጓች ናት። «እኔ ባልመታት የትርንጎ ራስ ነበር ዛሬ ሸምበቆ የሚፈልገው።»

«አንቺ ባትኖሪ ደግሞ ማንጠግቦሽ ዱላዋን እስከዚያ አታነሳም ነበር» አለች ስንዱ። «ካቻምና ከቁርጭምጭሚት አላለፈችም። አንቺን ብላ ነው ከፍ ያደረገችው።»

«ቁርጭምጭሚቱ ያንቺ ስላልሆነ ነው እንደዚህ የምትዪው።»

«ትከሻው ግን የኔ ነው።»

 አንጓች ቀስ ብላ፣ «ስንዱዬ፣ እኔ ሰው መምታት ደክሞኛል» አለች። «ክለቡም ቢወስደኝ ለዚሁ ነው። ግን እዚህ ብቀር ምን ነኝ? ሰዉ ሰላም የሚለኝ ገና ሲደርስ ብቻ ነው።»

«እኔም ያቺ ቦታ ብታልፈኝ ቅር አይለኝም ብል ውሸት ነው» አለች ስንዱ። «ሁላችሁንም እኔ ነኝ ያሳደግኳችሁ። አንድ ቀን እንኳን ለራሴ አልሮጥኩም።»

«ሁለታችሁም ትሟገታላችሁ» አለች ትርንጎ። የራሷ ድምፅ አስደነገጣት፣ ግን አላቋረጠችውም። «አንቺ መታሽ፣ ጠቡ ተነሣ። አንቺ ተደፋሽ፣ ግማሹ ብቻ በረደ። ያገባሁት እኔ ነኝ። ባላገባ ወንዶቹ ገብተው ነበር። ይሄን ጊዜ የወጌሻው ግቢ አይበቃንም ነበር።»

«እውነትሽን ነው» አለች ስንዱ። «ያገባሽው ግን እኔ መሬት ላይ ሆኜ ነው።»

«እኔም ከፊትሽ ቆሜ ነው» አለች አንጓች።

 ሦስቱም ደክሟቸው ስለነበር ወደየቤታቸው ሄዱ። እሷም እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ተቀመጠች፤ እንዳልኳችሁ ነው። እናቷ «ምን ሆነሽ ነው? ብርድ ነው?» አሏት። «አዎ እምዬ፣ ብርድ ነው» አለች።

አንጓችን ብትጠራ፣ ሕይወቷን ያተረፈችላትን ጠራች፤ ግን ሰው መምታት የደከማትን ልጅ ለመምታት ሰደደቻት። ስንዱን ብትጠራ፣ ጠላቷን በገላዋ የሸፈነችውን ጠራች፤ ግን እንደ ስንዱ ቢሆን ትርንጎ ያለ አጥር ትሮጥ ነበር፣ ምናልባትም ዛሬ ለመጥራት አፍ አይኖራትም ነበር። የራሷን ብትጠራ፣ ጠቡን የዘጋችውን ጠራች፣ ትምህርቷም ይቀጥላል፤ ግን በሁለት ሰዎች ጀርባ ላይ ቆማ ነው። ሕጉ ማንንም አይከለክልም። የሚረዳትም የለም።

ሲነጋ ትርንጎ ፊቷን እንኳን ሳትታጠብ መጀመሪያ ያደረገችው፣ አሰልጣኟ ወዳደሩበት ወደ መምህር ወንድይራድ ቤት መሄድ ነበር። አሰልጣኟ ደጃፉ ላይ ቆመው ጥርሳቸውን በመፋቂያ ይፍቃሉ።

«ደህና አደርሽ፣ አለቃ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡ። «እሺ፣ ማን?»

ትርንጎ ቀና ብላ አንድ ስም ጠራች፣ ጥርት አድርጋ።

እናንተ በሷ ቦታ ብትሆኑ ማንን ትጠሩ ነበር?